መድገምና ሜዲቴሽን በቡድሂዝም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜዲቴሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግሩን አጣጥፎ ጭጭ ያለ ሰው ነው። ቡድሂስት ገዳም ውስጥ ግን ዝምታው ብቻውን አይመጣም። መነኮሳቱ የቡድሃን ትምህርትና ጸሎት ድምፃቸውን አውጥተው ይደግማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ መልሰው ይደግማሉ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አእምሮን ያረጋጋሉ። በዚህ ዙሪያ ግን ብዙ የማይሆን ነገር ይወራል።

«መድገሙ ሥርዓት ማሟያ ነው፤ ዋናው ሥራ ዝምታው ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን ትተው ሜዲቴሽኑን ብቻ መውሰድ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። መብታቸው ነው። ግን ቡድሂዝም ራሱ እንዲህ ይላል ካሉ ተሳስተዋል። አንጉታራ ኒካያ በተባለው፣ በፓሊ (በጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ) በተጻፈው የትምህርቶች ስብስብ ውስጥ ቡድሃ ወደ ነፃነት የሚያደርሱ አምስት አጋጣሚዎችን ይዘረዝራል፦ ትምህርቱን መስማት፣ ለሌላ ማስተማር፣ መድገም፣ ማሰላሰል፣ በሜዲቴሽን አእምሮን መሰብሰብ። መድገም ከሜዲቴሽን ጎን እኩል ተሰልፏል። እንዴት እንደሚሠራም እዚያው አለ፤ ሰውየው ሲደግም ነገሩ ይገባዋል፣ ሲገባው ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ሰውነቱ ይረግባል፣ ሰውነቱ ሲረግብ አእምሮው ይሰበሰባል። ደግሞስ በትውፊቱ መሠረት ትምህርቱ ስሪላንካ ውስጥ በጽሑፍ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን አይደል? እስከዚያ ድረስ ለመቶዎች ዓመታት የኖረው በሚደግሙት ሰዎች አፍ ነው።

«ትርጉሙን ካላወቅሁት ምን ዋጋ አለው?»

ግማሹ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን አይቷል። ሰዎቹ በላቲን የማርያምን ጸሎት ሲደግሙም፣ «ኦም ማኒ ፓድሜ ኦም» የሚል ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ሐረግ) ሲደግሙም ትንፋሻቸው ወደ 6 በደቂቃ ወርዷል፤ የልብ ምታቸው ውጣ ውረድም ከዚያ ጋር ገጥሟል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ረዘም ያለ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አየሩን ቆጥባችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ነው የምታወጡት። ለዚህ ትርጉም ማወቅ አያስፈልግም። (ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ከዚህ ተነስቶ «ማንትራ በሽታ ይፈውሳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት።)

ሌላኛው ግማሽ ግን ትርጉም ይፈልጋል። ሜታ ሱታ የተባለው ስለ ደግነት የሚናገር የቡድሃ ትምህርት፣ እናት አንድያ ልጇን በነፍሷ እንደምትጠብቅ ሁሉ ለፍጥረት በሙሉ እንዲሁ ያለ ልብ ይኑርህ ይላል። ይህን ደግማችሁ ዝም ስትሉ ያቺ እናት አብራችሁ ትቀመጣለች። ስለ ደግነት ለሚደረገው ሜዲቴሽን መነሻው እሱ ነው። ምን እንደምትሉ ሳታውቁ ግን ይህ አይመጣም። ስለዚህ አንዴ ትርጉሙን አንብቡት፣ ከዚያ በፓሊም ሆነ በምትፈልጉት ቋንቋ ድገሙት።

«ድምፄ አያምርም»

እንዲያውም ይሻላል! ቡድሃ ትምህርቱን እንደ ዘፈን እያስረዘሙ በዜማ ማለት አምስት ጉዳት አለው ብሎ አስጠንቅቋል። አንዱ፣ ሰውየው በራሱ ድምፅ ይወሰዳል። ሌላው፣ ምእመናኑ «እነዚህም እንደኛው ይዘፍናሉ» ብለው ያማሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ድምፁን ለማሳመር የሚጨነቅ ሰው የተሰበሰበ አእምሮው ይበተናል።

«108 ካልሞላሁ አልተቆጠረልኝም»

መቁጠሪያው 108 ዶቃ ስላለው የመጣ ጭንቀት ነው። ዶቃው እጅን ሥራ ያስይዛል፣ ቁጥሩን ከጭንቅላት ያወርዳል። ለመጨረስ የምትሮጡ ከሆነ ትንፋሹም አብሮ ይሮጣል፣ ያኔ ነገሩ ሁሉ ገደል ገባ።

«ቡድሂስት ሁሉ የሚደግመው ለመረጋጋት ነው»

አይደለም። ጃፓን ውስጥ የመነኩሴው የሺንራን (1173–1263) ተከታዮች «ናሙ አሚዳ ቡትሱ» ብለው የአሚዳ ቡድሃን ስም ሲጠሩ ምስጋና እያቀረቡ ነው እንጂ አእምሮ የማረጋጊያ ቴክኒክ እየሠሩ አይደለም። ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ ፓሪታ የሚባሉት ምንባቦች ለጥበቃና ለበረከት ይደገማሉ። እናንተ ለመረጋጋት ብትደግሙት ችግር የለውም፤ የእነሱን ግን የእናንተ አታድርጉት።

«ድምፁ ሲቆም ሐሳብ ከተንጋጋ አልሠራም ማለት ነው»

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። እየደገማችሁ ሳለ አፍ፣ ጆሮና ትንፋሽ አንድ ሥራ ይዘዋል። ድምፁን በአንዴ ስትቆርጡት አእምሮ ሥራ ፈት ይሆናል፤ የትናንቱ ጭቅጭቅ፣ ያልተመለሰው ስልክ፣ ሁሉም ይግተለተላል። ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው። የታይላንድ የጫካ መነኮሳት ለዚህ ቀላል መላ አላቸው፦ «ቡድዶ» የሚለውን ቃል (ቡድሃ ማለት ነው) ከትንፋሽ ጋር ያስሩታል። አየር ሲገባ «ቡድ»፣ ሲወጣ «ዶ»። መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ የምትደግሙትን ድገሙ፣ ከዚያ ወደ ሹክሹክታ አውርዱት፣ ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ «ቡድ… ዶ» በልባችሁ ብቻ ይሂድ። ትንፋሹ ጥርት ብሎ ሲታወቃችሁ ቃሉን ልቀቁት። ሐሳብ ከወሰዳችሁ ደግሞ ወደ ቃሉ ተመለሱ፣ ያውም ሳትበሳጩ።

ቻን በሚባለው የቻይና የቡድሂዝም ዘርፍ ሌላ መንገድ አለ። የቡድሃን ስም ሲጠሩ ቆይተው «ይህን ስም የሚጠራው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሜዲቴሽኑ ጥያቄውን ይዞ መቀመጥ ነው። ለጀማሪ ግን «ቡድዶ» ይቀላል ባይ ነኝ።

«መጀመሪያ መድገም፣ ከዚያ መቀመጥ ነው ሕጉ»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ጃፓን ውስጥ ዜን ከሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ የሶቶ ወገን በሆኑት ገዳማት ጠዋት መጀመሪያ ይቀመጣሉ፣ የልብ ሱትራ የተባለውን አጭር ምንባብ የሚደግሙት ከዚያ በኋላ ነው። ከሥራ ተወጥራችሁ ከመጣችሁ በድምፅ ብትጀምሩ ይሻላል። ጠዋት ከተነሳችሁ በኋላ አእምሯችሁ ገና ጸጥ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ ተቀመጡ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላችሁ መድገም ጀምሩ።