«መስመር ካለ ተጣብቀዋል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የቫይረስና የሰው ፕሮቲኖችን ግንኙነት በኮምፒውተር እንደ መረብ እየሣሉ የሚያጠኑ ተማሪዎችን ጽሑፍ እገመግማለሁ። ሥዕሉ ሁሌም ያምራል። ነጥቦቹ ፕሮቲኖች፣ መስመሮቹ ግንኙነቶች ናቸው። ደሜን የሚያፈላው ከሥሩ የሚጻፈው ነው።

«ኮምፒውተሩ አገኘው።» እ.ኤ.አ. የ2020ውን የኮሮና ቫይረስና የሰው ፕሮቲኖች ግንኙነት ካርታ እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በካሊፎርኒያ የኔቫን ክሮጋን ቡድን ከቫይረሱ 29 ፕሮቲኖች 26ቱን በሰው ሴል ውስጥ አስመረተ። እያንዳንዱን መልሶ ሲያወጣ አብሮት የወጣውን በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ዘዴ፣ ለየ። 332ቱ ግንኙነቶች የመጡት ከዚህ የላብራቶሪ ልፋት ነው።

«ቫይረሱ ትንሽ ስለሆነ መረቡም ትንሽ ነው።» ኤችአይቪ 9 ጂን ብቻ ነው ያለው። በ2012 የወጣው ካርታው ግን 435 የሰው ፕሮቲኖችን ይዟል።

«ብዙ መስመር ያለው ፕሮቲን ዋናው ነው።» ወይም ብዙ ሰው ያጠናው ነው። በካንሰር ጥናት እጅግ የታወቀው ፕሮቲን ፒ53 የሌለበት የተማሪ መረብ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «በስትሪንግ መስመር አላቸው፣ ስለዚህ ይጣበቃሉ።» ኧረ በፈጠራችሁ! ስትሪንግ የተባለው ዳታቤዝ መስመር የሚያሰምረው በሙከራ ለታየ ንክኪ ብቻ አይደለም። ሁለት ጂኖች አብረው ሲነቁ ያሰምራል። ስማቸው በጽሑፎች ውስጥ አብሮ ሲደጋገምም ያሰምራል። ለመስመሩ የሚሰጠው እንደ 0.7 ያለ ውጤትም የመጣበቅ ጥንካሬ አይደለም፤ ግንኙነቱ እውነት ስለመሆኑ ምን ያህል እንደሚታመን ነው።

አንድ ተማሪ መደምደሚያውን በሙሉ በአንዲት መስመር ላይ ገንብቶ መጣ። «እስቲ ጠቅ አድርጋት» አልኩት። ከጀርባዋ የሙከራ ማስረጃ የለም፤ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉን ከፈትነው። ሁለቱ ፕሮቲኖች እንደማይጣበቁ ነው የሚያወራው! ልጁ ላብ በላብ ሆነ። የአካላዊ ንክኪ መረብ ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ተጠቀሙ፤ የምትመኩባትን መስመር ደግሞ ሁሌም ክፈቷት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«መስመር ካለ መድኃኒት አለ።» ይሄ ብዙ ሰው አሳስቷል። የ2020ው ካርታ ሲግማ የተባሉ ተቀባዮችን (የሰው ሴል ፕሮቲኖች ናቸው) ጠቁሞ ነበር። ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ጨምሮ እነሱን የሚይዙ መድኃኒቶች በሴል ላይ ቫይረሱን ሲገቱ ታየ። በሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥቅም አላሳየም። በ2021 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አመለከተ፦ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ሴሉ ውስጥ ስብ እንዲከማች ያደርጋሉ፤ ቫይረሱን የገታውም በአብዛኛው ይህ ነው እንጂ ሲግማ አይደለም።

ማራቪሮክን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሲገባ የሚጠቀምበትን ሲሲአር5 የተባለ የሰው ፕሮቲን ይዘጋል። በ2007 ሲጸድቅ ከጀርባው የነበረው ሥዕል ብቻ አልነበረም። ይህን ፕሮቲን ሳይዙ የተወለዱ ሰዎች አብዛኛውን የኤችአይቪ ዓይነት እንደሚቋቋሙ ከ1996 ጀምሮ ይታወቅ ነበር።

«ታዲያ መረብ ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። 20,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖችን አንድ በአንድ ከመፈተሽ 332 ግንኙነቶችን መፈተሽ ይቀላል።