የቤተሰብ ታሪክ አያያዝ በኢትዮጵያ፦ ከሰባት ቤት ቆጠራ እስከ ሳጥን ሥር ፎቶ

የቤተሰብ ታሪክ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በአፍ የሚነገረው ነው፤ የዘር ቆጠራው፣ ፉከራው፣ አያት ማታ ማታ የምታወራው። ሌላው በእጅ የሚያዘው ነው፤ የብራና ዳዊቱ፣ የብር ድሪው፣ ሳጥን ሥር የተቀመጠው ፎቶ። በአገራችን ሁለቱም ለብዙ ዘመን ሳይጠፉ ቆይተዋል። ያቆያቸው ግን ትዝታ ብቻ አይደለም። ሥራ ስለነበራቸው ነው።

ርስትን እንውሰድ። በጎጃም፣ በበጌምድርና በሌሎችም የሰሜን አካባቢዎች የእርሻ መሬት ድርሻ የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነበር። ሰውየው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ልጅ መሆኑን ማሳየት አለበት። በእናትም በአባትም መቁጠር ይቻላል። ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ እስከ አቅኚው ይወጣል። አንድ ስም ከዘለለ ባላጋራው እዚያው ላይ አንቆ ይይዘዋል። እንግዲህ የቅድመ አያትን ስም መርሳት ማሳ ያስቀር ነበር ማለት ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ተረትም ባለቤቱ ቆጥሮ መድረስ ከቻለ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ለጭሰኛው ትልቅ እፎይታ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ሌላ ነገርም ሥራ ፈታ፤ የዘር ቆጠራ። ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ምንዥላቱን ባያውቅ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጋብቻ ግን ቆጠራውን ትንሽ አቆይቶታል። በብዙ ክርስቲያን ማኅበረሰብ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን አዋቂዎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ዛሬም ከተማ ውስጥ ልጆቹ ተስማምተው ካበቁ በኋላ አንዲት አክስት ብድግ ብላ «ቆይ፣ የእናቷ አገር የት ነው?» ስትል ቤቱ ጸጥ ይላል። ቤተ እስራኤላውያንም እንዲሁ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሶማሌ ዘንድ ደግሞ ልጆች የአባቶቻቸውን ሐረግ ገና በሕፃንነታቸው በቃላቸው ያጠናሉ።

ስማችን ግን በዚህ ነገር አያግዘንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ አለቀ። አዲስ ልጅ በተወለደ ቁጥር ከላይ ያለው አንድ ስም ይወድቃል። መታወቂያም ፓስፖርትም ላይ ቅድመ አያት ቦታ የለውም፤ እናትማ ጭራሽ። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ብዙዎቹ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። አሜሪካ ያለው ወገናችንም ወንድሙና እሱ በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ተመዝግበው ስልክ ላይ ሲያስረዳ መዋል የለመደው ነው።

በጽሑፍ ከሚቀሩት ሁሉ በጣም የተለመደው የቤተሰብ ታሪክ የትኛው ነው ቢሉኝ ያለማመንታት የምመልሰው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ያየ ያውቀዋል። ሰው በሞተ ማታ ድንኳን እየተተከለ፣ ውስጥ አንድ ክፍል ተዘግቶ፣ እጅ ጽሕፈቱ የሚያምር አንድ የእህት ልጅ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ዙሪያውን ዘመድ ከቦታል። አንዱ «በ1932 ነው የተወለዱት» ይላል፤ ሌላዋ «ኧረ በፍጹም፣ ከእትዬ በፊት ናቸው» ትላለች። በመጨረሻ ይስማማሉ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ተብሎ ተጀምሮ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር፣ በስተመጨረሻ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው» ይባላል። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይነበባል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት አሰባስቦ የተጻፈ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አንባቢው ኮት ኪስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ለአርባው የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ወረቀት ትልቁ ስህተት ዓመተ ምሕረቱ አይደለም። ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ማንም አልጠየቃቸውም።

ገጠር የዚህ ሥራ ባለሙያ አልቃሽ ናት። ሙሾ የምታወርደው ዝም ብላ አይደለም። የሟቹን ዘር፣ ጀግንነቱን፣ ደግነቱን፣ አንዳንዴም ያልተፈታ ቂሙን ሳይቀር በግጥም ታወጣዋለች። ጥሩ ግጥም ከሆነ አገሩ ይዞት ይኖራል፤ ሰውየው ተረስቶ ግጥሙ ሲባል ይሰማል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። መጻፍ በማይዘወተርበት ዘመን ብራና ዳዊት የቤተሰቡ መዝገብም ነበር። በባዶው ቅጠል ወይም በዳሩ ላይ ልጅ የተወለደበት ቀን፣ የክርስትና ስሙ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የሞት ቀን ይጻፍበታል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ምስጥም እርጥበትም አይደርስበትም። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ነገር ቤት ያለው ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «የአያቴ ነው» ማለት ቦሌ ላይ አያሳልፍም፤ አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ጠገራ ብር በብዙ ቤት አለ፤ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። ብዙ ሰው 1780 የሚለውን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በቤታችን ያለ ነው» ብሎ ይኩራራል። ብሩ ግን በየትኛውም ዓመት ይመታ ያው 1780 ነው የሚጻፍበት። ስለዚህ ዕድሜውን አይናገርም። ከብሩ ይልቅ «ይህን ማን፣ ለማን ሰጠው?» የሚለው ይሻላል፤ ያንን የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ የሚቀረው የብር ቁራጭ ብቻ ነው። ድሪውና አልቦውም እንደዚሁ። ብዙዎቹ ከጠገራ ብር ቀልጠው የተሠሩ ናቸው፤ በችግር ጊዜ ደግሞ ተመልሰው ተሸጠዋል።

ፎቶ ዘግይቶ ነው የመጣው። አዲስ አበባ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈቱት ቀደምቶች መካከል አርመኖች አሉ፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ተራው ሰው ፎቶ መነሳት ሲጀምር ደንቡ አንድ ዓይነት ነበር። ቀለም የተቀባ መጋረጃ ከኋላ፣ አንድ እጅ ወንበር ላይ፣ ፈገግታ የለም። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀን ይጻፋል። ያቺ አንዲት መስመር ዛሬ ወርቅ ናት።

ብዙ ፎቶ በገዛ ቤተሰቡ እጅ ጠፍቷል። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970፣ አሰሳ ሲመጣ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ፣ ደብዳቤና መጽሐፍ ምድጃ ውስጥ ጨምረዋል፤ ጓሮ የቀበሩም አሉ። አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር መነሳቱ ብቻ ሰው ያስይዝ ነበር። በ2002 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስና ጫማም አለ። ብዙ ቤት ውስጥ ያልቀረው እዚያ ቀርቷል።

ስደትም የራሱን ዕቃ ፈጥሯል። ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ ውጭ ያለ ልጅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያዳምጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ በዚያው ካሴት ጀርባ መልስ ይቀዳል። እነዚያ ካሴቶች፣ ከሠርግ ቪዲዮዎቹ ጋር፣ ዛሬ ማጫወቻቸው ጠፍቶ ቴፑም እያረጀ ነው። ፎቶ አንድ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ካሴት ያን ያህል አይታገስም። ቅድሚያ የሚሰጠው ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ለእሱ ነው።

ፎቶን በተመለከተ ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው። እርጥበት ነክቶት ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አይላቀቅም፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ፣ ከነመስታወቱ፣ ነጸብራቅ እንዳይገባበት በጎን ብርሃን ፎቶ ማንሳት ይሻላል። የሚለጠፍ ገጽ ያለው አልበም ፎቶውን ያቢጫል። ጀርባ ላይ ሲጻፍ በእርሳስ፣ ቀለል አድርጎ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ዓመተ ምሕረት ለማግኘት ደግሞ ቁጥር መጠየቅ አያዋጣም። የአያቶቻችን ቀን መቁጠሪያ ክስተት ነው። ክፉ ቀን ከ1880 ወዲህ ያለው ረሃብ ነው፤ የኅዳር በሽታ 1911፤ ጣልያን የገባው በ1928፤ የታኅሣሡ ግርግር 1953፤ ሰባ ሰባት ራሱን ይናገራል። «ጣልያን ሲወጣ ገና ዳዴ እል ነበር» ያሉ እናት በ1932 አካባቢ ተወልደዋል ማለት ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ግን ጃንዋሪ 1 ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን የማያውቁትን ውጭ አገር ሲመዘግቧቸው ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ያ ነው።

አጠያየቅም ዘዴ አለው። «እማማ፣ ታሪክዎን ይንገሩኝ» ከተባሉ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብለው ይዘጉታል። ፎቶውን አምጥቶ እፊታቸው ማስቀመጥና ስልኩን ቀረጻ ላይ አድርጎ ከስኒው አጠገብ መተው ነው። «ይቺ ነጠላ የለበሰችው ማን ናት?» ብቻ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የመጋረጃው ቀለም፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጫማው ከማን ተውሰው እንደነበር ጭምር ይወጣል።