ትራንሽን፦ የቺፕ ዋጋና የቴክኖ ትርፍ

ትራንሽን ሆልዲንግስ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ስልኮችን የሚያመርት የቻይና ኩባንያ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሼንዘን ነው። በ2006 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)፤ በ2011 አዲስ አበባ ላይ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። አማርኛ የሚጽፍ ርካሽ ስልክ እስከ ገጠር ያዳረሰ ባለውለታ ነው፤ የመጀመሪያው እሱ ነው ሲባልም ይሰማል። ሒሳቡ በይፋ የሚታየው ግን በ2019 ሻንጋይ አክሲዮን ገበያ ከገባ ወዲህ ነው።

ኩባንያው የስልኩ አንጎል የሆነውን ቺፕ ሚዲያቴክና ዩኒሶክ ከሚባሉ ድርጅቶች ይገዛል። ሜሞሪ፣ ስክሪንና ባትሪም ከውጭ አቅራቢ ነው የሚመጡት። ውድ ስልክ የሚሸጥ ድርጅት ዕቃ ሲወደድበት ጭማሪውን ለመቻል ሰፊ ትርፍ አለው። የቴክኖ ገዢ ግን ትንሽ ሲጨመርበት ወደ ሌላ ሱቅ ይሻገራል። ስለዚህ ኩባንያው ወይ ጭማሪውን ራሱ ይችላል፣ ወይ ከስልኩ ላይ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 8 ጊጋ ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ተብሎ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «4+4» ካለ፣ ሁለተኛው 4 ከስቶሬጅ፣ ማለትም ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ቦታ፣ የተበደረ ነው። ሳያነቡ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

ዓለም በቺፕ እጥረት በተጨነቀበት በ2021 ኩባንያው 3.9 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ አተረፈ። በ2022 ወደ 2.5 ቢሊዮን ወረደ። ሜሞሪ በረከሰበት በ2023 ደግሞ 5.5 ቢሊዮን ደረሰ፤ ጥሩ ዓመት ነበር። በ2024 ሽያጩ 10 በመቶ ያህል ሲያድግ ትርፉ እዚያው ቆመ። በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ግን ከ2024ቱ ተመሳሳይ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወድቆ 1.2 ቢሊዮን ሆነ። ኩባንያው ምክንያቱን የገበያ ፉክክርና የአቅርቦት ወጪ ብሎታል፤ ፉክክሩ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ የባሰው ሜሞሪው ነው። ትልልቆቹ ሜሞሪ አምራቾች ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን አቅማቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ሲያዞሩ፣ የተራ ስልክ ሜሞሪ አጠረ፤ ዋጋውም አሻቀበ።

የአዲስ አበባው ፋብሪካ ሌላም ጣጣ አለበት። ዕቃ የሚገባው በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በአገሪቱ ለዓመታት በወረፋ የሚገኝ ነገር ነበር። በሐምሌ መጨረሻ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሼንዘን ላይ ዋጋው ንቅንቅ ያላለ ስክሪን እንኳ እዚህ በብር ሲተመን እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።