ኦሳካ፦ ነጋዴ የሠራት ከተማ

ኦሳካ የሚገባን እንግዳ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ኤስካሌተሩ ነው። ቶኪዮ ላይ ሰው በግራ ቆሞ የቸኮለውን በቀኝ ያሳልፋል። ኦሳካ ላይ ግን የሚቆመው በቀኝ ነው። የቶኪዮን ልማድ ይዞ በግራ የተገተረ ሰው፣ ዞር ሲል ከኋላው ሰልፍ ተሠርቶ ያገኛል።

ከተማዋ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አላት። ድሮ «የአገሪቱ ኩሽና» ትባል ነበር። የየአውራጃው መሳፍንት በግብር የሰበሰቡት ሩዝ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው እዚህ ነበርና። የዶጂማ የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ፣ ገና ያልቀረበ ሩዝ በዛሬ ዋጋ ይገበያይ ነበር። ሰላምታው ሳይቀር የንግድ ነው፦ «ሞካሪማካ?» ማለት «ትርፍ አለ?» ነው። መልሱ «ቦቺቦቺ»፣ እንደ ነገሩ። ዛሬ ወጣቱ ለቀልድ ካልሆነ ብዙም አይለውም።

የሆድ ነገር ከተነሳ ደግሞ «ኩይዳኦሬ» የሚል ቃል አላቸው፤ በልቶ በልቶ መክሰር እንደማለት። ታኮያኪን ማለፍ አይቻልም። ሊጡ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ባለው የብረት ምጣድ ላይ ይፈስና ቁራጭ ኦክቶፐስ ይገባበታል። ከዚያ በሹል ዘንግ እየተገላበጠ ድቡልቡል ይሆናል። ላዩ ሲታይ የበረደ ይመስላል። ውስጡ ግን እሳት ነው፤ ምላስን ይልጣል።

ማታ ሕዝቡ ዶቶንቦሪ ነው። በ1615 ተቆፍሮ ያለቀ ቦይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ምግብ ቤትና መብራት ብቻ። እግሮቹን የሚያወዛውዝ ግዙፍ ሸርጣን ከግድግዳ ላይ ቁልቁል ያያል። ከሁሉ ዝነኛው ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋው ሯጭ ነው። የከረሜላ ኩባንያ ማስታወቂያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሰቀለው በ1935 ነው። ቱሪስቱ ሁሉ እንደሱ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል።

ለእኛ ግን ኦሳካ ሌሎች ሯጮችን ታስታውሳለች። የ2007ቱ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚችው ከተማ፣ በናጋይ ስታዲየም፣ በነሐሴ ወበቅ ተካሄደ። ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ስለሺ ስህን ተከተለው። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000፣ መሠረት ደፋር በ5,000 አሸነፉ።

የከተማዋ ሰው ሲደሰት ልክ የለውም። የቤዝቦል ቡድኑ ሃንሺን ታይገርስ በ1985 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ደጋፊዎች ቦዩ ውስጥ ዘለሉ። ደጅ የቆመ የዶሮ ጥብስ ቤት ሐውልትም አብረው ወረወሩ። ቡድኑ በዚያው ዓመት የጃፓንን ዋንጫም ቢወስድ፣ ደግሞ ለማንሳት እስከ 2023 ጠበቀ፤ «የሐውልቱ እርግማን ነው» ይባል ነበር። ሐውልቱ ከጭቃው የወጣው በ2009 ነው። መነጽሩ ግን አብሮት አልተገኘም።