የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶችና ማኅበራዊ ሚዲያ

በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የቴአትር ማስታወቂያ ማለት በአዳራሹ ደጃፍ የሚሰቀል ትልቅ ሰሌዳ፣ በየግንቡ የሚለጠፍ ፖስተር፣ በሬዲዮና በጋዜጣ የሚነገር አጭር መልእክት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያየ ሰው ላላየው የሚያወራው ወሬ ነበር። ዛሬ በእነዚህ ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ኢንስታግራም ተጨምረዋል። የተጨመረው ግን ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ በሰፈር፣ በመሥሪያ ቤትና በቡና ላይ ተወስኖ ይቀር የነበረው የተመልካች ወሬ አሁን በጽሑፍና በምስል የሚታይ፣ ቴአትር ቤቱም ራሱ ገብቶ የሚነጋገርበት ሆኗል።

ሕዝብን አሰባስቦ ማነጋገር ለእነዚህ ተቋማት እንግዳ ሥራ አይደለም። የሀገር ፍቅር ቴአትር መሠረት በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ጋር ተያይዞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ፤ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የራሱን ሰፊ የቴአትር አዳራሽ ይዞ መጣ። እነዚህን የመሰሉ ትልልቅ አዳራሾችን ሳምንት በሳምንት መሙላት መቼም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ሲዘጉ ደግሞ ቴአትር የማየት ልማድ ራሱ ተቋረጠ፤ የተቋረጠን ልማድ መመለስ ከአንድ ማስታወቂያ በላይ ይጠይቃል።

የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሠረትበት የሚገባው ነገር የእነዚህ ቴአትር ቤቶች የአሠራር ልማድ ነው። አንድ ተውኔት ከተመረቀ በኋላ በየዕለቱ አይታይም፤ በሳምንት ውስጥ የራሱ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል፣ ሌሎቹ ቀናት ለሌሎች ተውኔቶች ይከፋፈላሉ፣ ተመልካች የወደደው ሥራም በዚያው ቀን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በመድረክ ላይ ይቆያል። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ በየምሽቱ ታይቶ የሚወርድ ተውኔት ባለበት አገር የማስታወቂያው ኃይል ሁሉ ከመክፈቻው በፊት ይፈስሳል። በአዲስ አበባ ግን ትልቁ ዕድል ያለው ከምረቃው በኋላ፣ በአንዱ ትርኢትና በሚቀጥለው መካከል ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ነው። እሑድ ያየ ሰው ሰኞ የጻፈውን አስተያየት ቴአትር ቤቱ ማክሰኞ በገጹ ላይ ሊያጋራው፣ ለተነሣው ጥያቄ ረቡዕ አዘጋጁ ሊመልስ፣ ዓርብ የትኬቱ መልእክት ሊወጣ ይችላል። ብዙ ገጾች ለምረቃው ቀን ፎቶግራፍ አትረፍርፈው ከዚያ በኋላ ዝም ማለታቸው ይህን ዕድል ማባከን ነው።

ከመድረኮቹ ሁሉ ለዚህ ሳምንታዊ አካሄድ የሚስማማው ቴሌግራም ነው። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ የተጀመረው የቻናል አገልግሎቱ መልእክቱን ያለ ምንም ክፍያ ለተከታዩ ሁሉ ያደርሳል፤ ፌስቡክ ግን የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው በራሱ ስሌት ስለሆነ የዛሬው ትርኢት ማስታወቂያ ከነገ ወዲያ ለተመልካች ሊደርስ ይችላል። በቴሌግራም እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጊዜ እንደታየ ከሥሩ ይነበባል፣ የሳምንቱ መርሐ ግብርም በቻናሉ አናት ላይ ተሰክቶ ሊቆይ ይችላል። ፌስቡክ በዕድሜ ጠና ያለውን ተመልካችና በውጭ የሚኖረውን ወገን ለማግኘት ይጠቅማል፤ በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ያሉ ሰዎች ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለክረምት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ምን እንደሚታይ አስቀድመው የሚጠይቁት እዚያ ነው። ለእነርሱ ሲጻፍ ሰዓቱን በግልጽ መለየት ይገባል፤ «እሑድ 8:00 ሰዓት» የሚለውን ከቀኑ መሆኑን ሳይገልጹ መተው ሰውን ከምሽቱ በር ላይ ያስቆማል።

ቲክቶክ ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቀውን ወጣት የማግኛ መንገድ ነው። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው፤ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር በስልክ የተቀረጸ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ተዋናዩ በጨለማ ውስጥ እንደ ጥላ የሚንቀሳቀስበት ቪዲዮ ተውኔቱን ያሳንሰዋል። የመድረክ ትወና ለመጨረሻው ረድፍ ተብሎ የጎላ በመሆኑ ወደ ትንሽ ስክሪን ሲገባ የተጋነነ ይመስላል። የሚሻለው ለካሜራው ተብሎ በልምምድ ሰዓት በቅርብ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቃለ ተውኔት፣ ወይም ተመልካች ፈጽሞ የማያየውን ሥራ ማሳየት ነው፤ ወጣት ተዋናይ በገጸ ቅብ ባለሙያ እጅ ወደ ሽማግሌነት ሲለወጥ፣ አልባሳት ሲሰፉ፣ የመብራት ባለሙያው አንድን ትዕይንት ከቀን ወደ ሌሊት ሲያሻግር፣ አዘጋጁ አንዲትን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ሲያስለምድ። እነዚህ የታሪኩን ምስጢር ሳያወጡ የሙያውን ክብር ያሳያሉ።

ከዚህ ጋር የሚታሰበው የተዋንያኑ የግል ገጽ ነው። በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም የታወቀ ተዋናይ ከሚሠራበት ቴአትር ቤት የበለጠ ተከታይ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የተዘጋጀ ፎቶግራፍና አጭር ጽሑፍ ለተዋንያኑ አስቀድሞ መስጠት ብዙ ገንዘብ ከሚወጣበት ማስታወቂያ የተሻለ ውጤት ያመጣል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያሳያል። የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሚዮና ዡልየትን ታሪክ ወደ ዘመናችን አምጥቶ ገጸ ባሕርያቱ ለአምስት ሳምንታት ያህል በትዊተር እንዲነጋገሩ አደረገ፤ በዚህ መንገድ ማኅበራዊ ሚዲያው ራሱ መድረክ ሆነ። የለንደኑ ናሽናል ቴአትር በበኩሉ አዳራሾች በተዘጉበት በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል በጥራት የቀረጻቸውን ተውኔቶች በየሐሙሱ በዩቲዩብ በነጻ እየለቀቀ እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት አቆይቷል፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በክፍያ የሚታይ አገልግሎት ጀመረ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ሁለተኛው ነው፤ ከመድረክ የወረደ ተውኔት በሚገባ ተቀርጾ ቢቀመጥ በውጭ ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ሊቀርብ፣ ለባለሙያዎቹም ገቢ ሊያስገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ መቅረጽ ፈቃድ ይጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጸሐፌ ተውኔቱ በድርሰቱ ላይ፣ ለከዋኙም በክዋኔው ላይ መብት ስለሚሰጥ በመድረክ ላይ የሚታየውን ቀርጾ ማሰራጨት ያለ እነርሱ ስምምነት አይቻልም። ስለሆነም ምን ያህል ደቂቃ፣ በየትኛው ገጽ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚለቀቅ ገና ልምምድ ሲጀመር በውል ቢጻፍ በኋላ የሚነሣውን ቅሬታ ያስቀራል። ተመልካቹም ትርኢቱ ሲጀመር ስልኩን እንዲያስቀምጥ በትሕትና ቢነገረውና በመጨረሻው የአድናቆት ሰዓት ፎቶ እንዲያነሣ ቢጋበዝ፣ አዳራሹም ሰላም ያገኛል፣ ገጹም በተመልካች ፎቶግራፍ ይሞላል።

የኢንተርኔት ዋጋም መዘንጋት የለበትም። ፓኬጁን በጥንቃቄ ለሚጠቀም ሰው ከባድ ቪዲዮ መላክ እንዳለመላክ ነው፤ የተውኔቱ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የመግቢያ ዋጋና የአዳራሹ አድራሻ ሁልጊዜ በቀላል ምስልና በጽሑፍም መውጣት አለባቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስለተለመደ የክፍያውን መንገድ ከመልእክቱ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ትርኢት ሲሰረዝ ወይም ተዋናይ ታሞ ሲተካ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በታክሲ ተሳፍሮ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ቤተሰብ በቀላሉ አይመለስም።

በመንግሥት ሥር ባሉ ተቋማት የገጹ ኃላፊነት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። የስብሰባና የጉብኝት ዜና የራሱ ቦታ አለው፤ ቴአትር ወዳዱ የሚፈልገው ግን ዛሬ ምን እንደሚታይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ገጽ ማስተናገድ ይሻላል። የገጹ የይለፍ ቃልም በአንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ መቅረት የለበትም። የሥራው ውጤት የሚለካው በላይክና በተከታይ ብዛት ሳይሆን በተሸጠ ትኬት ስለሆነ፣ ትኬት ቆራጩ እያንዳንዱን ገዢ «ስለ ተውኔቱ ከየት ሰሙ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በመዝገብ ቢያሰፍር፣ የትኛው መልእክት ሰው እንዳመጣ በወሩ መጨረሻ ከዚያው መዝገብ ይነበባል።