የዝርያ ስርጭት ሞዴል ምንድን ነው? ወይም ጅብራ ወዴት ይሄዳል?

«ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል?» ይህን ቁጣ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ጅብራን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ተክሉ ደጋ ብቻ አይበቃውም፣ ውርጭ ይፈልጋል። መኖሪያው በሰሜንና በባሌ ተራሮች፣ ዛፍ ከማይደፍረው ከፍታ ላይ ነው። ለዓመታት ተገትሮ ይቆይና አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይደርቃል።

አየሩ ሲሞቅ ይህ ተክል የት ይገባል? ጥያቄውን ለኮምፒውተር የሚያቀርበው ዘዴ የዝርያ ስርጭት ሞዴል ይባላል።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡን ገበሬው ድሮም ያውቀዋል። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ሲከፍል «ማሽላው እዚህ፣ ገብሱ እዚያ» እያለ ነው። ኮምፒውተሩ ይህንኑ በቁጥር ይሠራዋል።

መጀመሪያ ተክሉ የተገኘባቸው ቦታዎች ይሰበሰባሉ። ብዙው መረጃ የሚመጣው ከዕፅዋት ቤተ መዘክር ነው። ተጭኖ የደረቀ ቅጠል ወረቀት ላይ ተለጥፏል፤ ጥጉ ላይ የቦታው ስም፣ ከፍታውና የተቆረጠበት ቀን ተጽፏል። (ቅጠል ሰብሳቢም ሰው ነውና ከመኪና መንገድ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ካርታው አንዳንዴ ተክሉ የሚወደውን ሳይሆን መኪናው የሚደርስበትን ያሳያል።) ከዚያ የየቦታው ሙቀትና ዝናብ ይገባል። እንደ ማክስኤንት ያለ ፕሮግራም ተክሉ የተገኘበትን አየር ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ የትኛው እንደሚስማማው ይማራል። በመጨረሻ የዛሬው አየር ወጥቶ በምትኩ እ.ኤ.አ. ለ2080 የተገመተው ይገባል።

ተራራ ላይ ሒሳቡ ጨካኝ ነው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የቀድሞውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 170 ሜትር ያህል መውጣት ግድ ነው። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከጫፉ በኋላ ያለው ሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በ2080 ለጅብራ የሚተርፍለት ዛሬ ካለው መኖሪያ 3.4 በመቶው ብቻ እንደሆነ ገምቷል።

ትንቢት ነው እንዴ? አይደለም። ሞዴሉ የሚናገረው የሚስማማው አየር የት እንደሚገኝ ነው፤ ተክሉ እዚያ ይደርስ አይደርስ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡናን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. የ2012 ጥናት የዱር ቡና ከሚኖርባቸው ምቹ ቦታዎች በ2080፣ ቢያንስ 65 በመቶው እንደማይመቹት ተናገረ። የ2017ቱ ደግሞ የቡና እርሻ ወደ ከፍታ ቢዛወርና ደኑ ቢጠበቅ ምቹው መሬት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል አለ። የተጣሉ ይመስላሉ፤ አልተጣሉም። አንዱ ቡናውን ባለበት ትቶ ነው ያየው፤ ሌላው ሰው ችግኝ ተሸክሞ እንዲወጣ ፈቅዷል።

ጅብራን የሚሸከምለት የለም። በአየር ብቻ የተሠራ ሞዴል ደግሞ ማረሻና ከብት አያውቅም። ደጋው ሲሞቅለት ገብሱም ሽቅብ ይወጣል፤ ጅብራን ከሥር ከሥር እየተከተለ።