የኮኔክተር ላይብረሪ ምንድን ነው?

አምና ክረምት አንዲት ደንበኛ ለ2 ኪሎ የተቆላ ቡና ሁለት ጊዜ ከፈለች። ሂርማታ አካባቢ ላለ የቡና ሱቅ እኔ በሠራሁት ድረ ገጽ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ እየወረደ ነበር፣ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። ኮዴ ለክፍያው ሲስተም ጥያቄ ላከ፣ ሴትየዋ ስልኳ ላይ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች፣ ብሩ ተቆረጠ፣ «ተከፍሏል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ኮዴ መልስ ሲያጣ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ላከ። እሷም ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣባት የፊተኛው አልሠራም ብላ ቁጥሯን በድጋሚ አስገባች። ጥፋቱ የኮዴ ነው።

ብሯን በማግስቱ መለስንላት፣ ኮዱንም አስተካከልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ለሌላ ደንበኛ በሠራሁት ሲስተም ውስጥ ያው ስህተት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ኮዱን ከፊተኛው ኮፒ ፔስት አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አንዱ ጋ ሳስተካክል ሌላው እንዳለ ቀርቷል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኤፒአይ ማለት አንድ ሲስተም ለሌሎች ሲስተሞች የከፈተው የአገልግሎት መስኮት ነው። የክፍያ መስኮት አለ፣ የኤስኤምኤስ መስኮት አለ፣ የካርታ መስኮት አለ። ወደ አንዱ መስኮት ሄዶ ጉዳይ የሚያስፈጽመው የኮድ ክፍል ኮኔክተር ይባላል። የኮኔክተር ላይብረሪ ደግሞ ሁሉም ኮኔክተሮች የሚጋሩትን ሥራ አንዴ ጽፎ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

የእድር ዕቃን አስቡት። ለቅሶ ሲደርስ ማንም ቤት ድንኳን አይገዛም። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ትልልቁ ድስትም የእድር ነው። ድንኳኑ ተቀዶ ከሆነ የሚቀጥለው ለቅሶ ቤትም ያፈስሳል፤ አንዴ ከተሰፋ ግን ለሁሉም ነው የተሰፋው።

ለኮኔክተሮች ድንኳኑ ምንድን ነው? ቶከን (ኤፒአዩ የሚያስገባችሁ ጊዜያዊ የፈቃድ ኮድ) ማውጣትና ጊዜው ሲያልፍ ማደስ፣ መልስ እስከ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ መወሰን፣ ኤረሩን፣ ማለትም የስህተት መልሱን፣ ማንበብ፣ የሆነውን ሁሉ ሎግ ላይ መመዝገብ። ስልክ ቁጥርም እዚሁ ይገባል፤ ሰው በ09 ወይም በ07 ይጽፋል፣ ኤፒአዩ በ251 የሚጀምር ይፈልጋል፣ ይህን በየኮኔክተሩ መጻፍ ድካም ብቻ ነው። ለየኮኔክተሩ የሚቀረው የመስኮቱ አድራሻ፣ የፊልዶቹ (የሚላከው መረጃ የሚሞላባቸው ቦታዎች) ስምና የመልሱ ቅርጽ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ድጋሚ መላክ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኤረር የመጣበት ጥያቄ ሁሉ ድጋሚ አይላክም። ኤፒአዩ ምን እንደሆነ በቁጥር ይመልስላችኋል። 400 ከመጣ የላካችሁት ራሱ ስህተት ነው፣ መቶ ጊዜ ብትልኩት አይቀየርም። 401 ከሆነ ቶከኑን አድሳችሁ አንዴ ሞክሩ። 429 «አበዛችሁት» ማለት ነው፣ 503 ደግሞ «አሁን አልቻልኩም»፤ እነዚህን ጠብቆ መሞከር ያዋጣል። አጠባበቁም እየሰፋ ይሂድ፦ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8፣ ትንሽ የዘፈቀደ ጭማሪ ታክሎበት። አለበለዚያ የተቋረጠው ሰርቨር ገና ሲነሳ ሁሉም ባንዴ ይሮጥበትና መልሶ ይጥለዋል።

ገንዘብ ከሆነ ይህም አይበቃም። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ መለያ ቁጥር ይወጣል፣ ስንት ጊዜ ቢላክ ያው ቁጥር ነው የሚሄደው። ኤፒአዩ ቁጥሩን የሚያውቅ ከሆነ «ይህን ቅድም ጨርሼዋለሁ» ብሎ የፊተኛውን መልስ ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ለየሙከራው አዲስ ካወጣችሁት ግን ምንም አልሠራችሁም፣ የኔም ስህተት ይሄው ነበር። ኤፒአዩ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለው ደግሞ ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት የክፍያውን ሁኔታ ጠይቁ።

ብዙ ሰው ይህንን ከኤስዲኬ ጋር ያምታታዋል። ኤስዲኬ በአብዛኛው አንድ ድርጅት ለራሱ አገልግሎት የሚያዘጋጀው የፕሮግራም መሥሪያ ስብስብ ነው። የኮኔክተር ላይብረሪ ግን ለማንም መስኮት አዲስ ኮኔክተር መሥሪያ ነው። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሩ አፓቼ ካሜልን እዩ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ኮኔክተሮቹን ኮምፖነንት ይላቸዋል፣ ከ300 በላይ አሉት።

ሁሉም ሰው ይሥራ እያልኩ አይደለም። አንድ ኤፒአይ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ተዉት። በሁለተኛውም ታገሡ። ሦስተኛው ሲመጣ የሚመሳሰለውና የሚለያየው በግልጽ ይታያል፣ ያኔ ጀምሩ። የአንድ ደንበኛን የዋጋ ስሌት ወይም የሚስጥር ቁልፍ ላይብረሪው ውስጥ እንዳትከቱ። የነበረውን አሠራር የሚያፈርስ ለውጥ ስታደርጉም የቨርዥኑን የመጀመሪያ ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ 1 የነበረው 2 ይሁን፣ የሚጠቀመው ሰው ሳያየው እንዳይወድቅበት።

በቅርቡ ለዚያው ሱቅ ቡናው ሲላክ ለደንበኛው ኤስኤምኤስ የሚያደርስ ኮኔክተር ጨመርኩ። የጻፍኩት 40 መስመር ገደማ ነው። በሞከርኩበት ቀን ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ አንዴ ብቻ ገባ።